«ይህ ቢል አይደለም» የሚለው ደብዳቤ

በዚህ ወር አምዳችን በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ቤት ገዝተው የሚኖሩ ወገኖቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የቤት ግምት ነው።

የሜሪላንድ ስቴት ገማች መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ቤት በየሦስት ዓመቱ አንዴ ይገምታል። ተራው ለደረሰው ባለቤት በፈረንጆች ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የሚከፈል ሒሳብ ስላልሆነ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ብዙ አባወራዎችም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አይተው ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡታል። ግብሩ ከወርሃዊው የቤት ክፍያ ጋር ተቀናጅቶ በአበዳሪው በኩል የሚከፈል ከሆነማ ጭራሽ አይታይም፤ ክፍያው ከፍ ሲል ብቻ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ያን ጊዜ ግን ለይግባኝ የተሰጠው ጊዜ አልፏል። ጊዜው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ 45 ቀን ነውና።

ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገውን፣ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለውን ግብር እየከፈለ ያደገ ሰው መንግሥት የጻፈውን ቁጥር መሟገት እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። በሜሪላንድ ግን ግምትን መቃወም ሕግ ለባለቤቱ የሰጠው መብት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም፤ በጽሑፍ ወይም በስልክ ማቅረብ ይቻላል።

ስሌቱን እንመልከት። 400,000 ዶላር ይገመት የነበረ ቤት 490,000 ተባለ እንበል። ጭማሪው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ 30,000 ይታከላል። ትክክለኛው ዋጋ 445,000 መሆኑን ማሳየት ቢቻልና ግብሩ አንድ በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በመጀመሪያው ዓመት 150፣ በሁለተኛው 300፣ በሦስተኛው 450፣ በድምሩ 900 ዶላር ከቤተሰቡ ኪስ አይወጣም። ሌሊት ታክሲ ለሚነዳ አባት ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ታዲያ ምን ይባላል? «ግብሩ ከበደኝ»፣ «ልጆች አሉኝ»፣ «በአንዴ ይህን ያህል ጨመራችሁ» ማለት እውነት ቢሆንም አይሠራም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ቤቱ በጥር 1 ቀን ገበያ ላይ ቢወጣ ስንት ያወጣ ነበር? ስለዚህ በቅድሚያ መሥሪያ ቤቱ ስለ ቤቱ የያዘውን መዝገብ ማየት ነው። ስፋቱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለው ሦስት ተብሎ፣ ያልተሠራ ቤዝመንት እንደተሠራ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም በሰፈሩ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ መሰብሰብ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መሠረቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ፎቶግራፍና የጥገና ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ከንግግር ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። መዝገቡ አንዳንድ ጊዜ ወደ እኛ ጥቅምም ይሳሳታል። አባወራው ቤዝመንቱን አሠርቶ እያከራየ «ባዶ ነው» ብሎ ቢከራከር፣ ነገ ሲሸጥ ደግሞ ያንኑ ቤዝመንት አጋንኖ ቢያስተዋውቅ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን ከሚወቅሳቸው፣ ሲቀበሉ ሞልተው ሲሰጡ ከሚያጎድሉት ሰዎች በምን ይለያል? «የካፊር አገር ነው» የሚለውን ማመካኛ አንቀበለውም። በቃል ኪዳን የገባንበት አገር ነው።

ደብዳቤውን የሚያነቡት ባብዛኛው ልጆች ናቸው። እናንተ ወጣቶች፣ አደራችሁን፣ «ምንም አይደለም አባዬ» ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ ብላችሁ ከነቀኑ አንብቡላቸው፤ አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር ንገሯቸው፤ ይግባኝ ይባል አይባል የሚለውን ግን እነርሱ ይወስኑ። ቤቱ የእነርሱ ነው። ከገማቹ ጋር በስልክ ስታስተረጉሙም አባታችሁ ያላሉትን አትጨምሩ።

በመጀመሪያው ደረጃ መልሱ ካላረካ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ከዚያም ወደ ስቴቱ የግብር ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቦርዱ ግምቱን ሊጨምርም እንደሚችል ግን አውቆ መግባት ነው። ማስረጃው የሳሳ ሰው በመጀመሪያው ቢያቆም እንመርጣለን።

ከይግባኙ ውጭም ሁለት ማመልከቻዎች አሉ። አንደኛው ሆምስቴድ የሚባለው ሲሆን፣ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያግዳል፤ አንዳንድ ካውንቲዎች ከዚህም ያነሰ ጣሪያ አላቸው። የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቤተሰቡ ገቢ በዓመት ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ፣ ከቤቱ ሌላ ያለው ሀብትም ከ200,000 በታች ለሆነ ነው፤ በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መቅረብ አለበት። በጡረታ የሚኖሩ እናቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እህቶች በተለይ ይህንን እንዲሞሉ፣ የመስጂድ ወጣቶችም ከጁምዓ በኋላ ቅጹን በመሙላት እንዲያግዟቸው እንጠይቃለን።