ውሻ በቀደደው ጅብ እንዳይገባ

ለዛሬ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ደብዳቤ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ስማቸውን እንደ ዓምዳችን ደንብ አላወጣም። ነገሩ የትዳር ወይም የውርስ ጉዳይ ይመስላችሁ ይሆናል። የለም፣ የውሻ ነው! ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትዳሩም፣ ጉርብትናውም፣ የልጅ ሕይወትም ውስጡ እንዳለበት ታያላችሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ትልቁ ልጃቸው ቦይ ዳር ወድቆ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አግኝቶ በሹራቡ ጠቅልሎ ያመጣል። እናት አዘኑ፤ አበሉት፤ ውሻውም አገገመ። ስሙም ቡቺ ተባለ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ይወደናል፤ ግን ፍቅሩ አስመረረን" ይላሉ እመቤቲቱ። "ደጅ ላይ 'ቤቶች!' የሚል ድምፅ ከሰማ ያብዳል። ዘሎ ሰው ላይ ይሰቀላል፤ በጭቃ እግሩ ነጠላ ያበላሻል፤ እጅና ቀሚስ በጥርሱ ለቀም ያደርጋል። አማቴ ከገጠር ሊጠይቁን ቢመጡ ገፍቶ ጣላቸው። የቡና ጎረቤቶቼ እግራቸውን ሰብስበዋል። ባለቤቴ 'ወይ አርቀሽ ጣይው፣ ወይ እኔ መላ አበጅለታለሁ' ብሎኛል። ልጆቹ ደግሞ ያለቅሳሉ። ምን ይሻለኛል?"

ከደብዳቤው ግርጌ እንደ ዋዛ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ "ትንሿ ልጄንም ባለፈው ሲያጫውታት እጇን በጥርሱ ጫር አድርጓት ትንሽ ደም ወጥቶ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ናት።"

እመቤት፣ እኔን ያስደነገጠኝ የነጠላው ጭቃ አይደለም፤ ይቺ መስመር ናት! ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ሥጋ ቦጭቆ የሚወስድ ንክሻ አያስፈልገውም፤ ቆዳ የሰነጠቀ ጥርስ ይበቃዋል። ውሻው የበሽታው ምልክት ሳይታይበት ከጥቂት ቀናት አስቀድሞ ማስተላለፍ ይችላል። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከ100 ውስጥ 99ኙ ያገኙት ከውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው 10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ሲባል የሰማነው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። ውሻው የሚቀደው ትንሽ ነው፤ በእሱ በኩል የሚገባው ግን ትልቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የውሻ ጥርስ ቆዳ ከነካ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ። ጠበል መጠመቅም ሆነ ባህላዊ ሕክምና የምታምኑበት ከሆነ እከለክላችሁ ዘንድ አልችልም፤ ነገር ግን ሳሙናው፣ ውሃውና ክትባቱ ይቅደም። "ቀን አልፏል" ብላችሁም አትቅሩ። ይህ ክትባት ከተነከሱ በኋላ የሚሰጥ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ፈረንሳዊ ልጅ መክተብ የጀመረው ልጁ በተነከሰ በ2ኛው ቀን ነበር፤ ልጁም ዳነ። የአዲስ አበባው "ፓስተር" ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። በሆድ ላይ በተከታታይ ይወጋ ስለነበረው መርፌ ከትልልቆች ሰምታችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። እርስዎም እመቤት፣ ይህን ጋዜጣ አጥፈው ሳያስቀምጡ ልጅቷን ይዘው ይሂዱና የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አሁን ለባለቤትዎ አንድ ቃል ልበል። ጋሼ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ እናት ወድቀው ዝም የሚል ልጅ የለም። ግን ውሻውን አይጣሉት፣ አይግደሉትም። ለምን ቢሉ፣ ለልጅዎ ጉዳይ ያለው ምስክር እሱ ነው። ውሻው ልጅቷን ከጫረበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሙሉ በዓይን እየታየ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በዚያን ዕለት በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ይቀጥል ወይም ያቁም የሚለውን በዚህ ይወስናል። ከተጣለ ግን ማን ይመሰክራል? ያልተከተበ ውሻ መንገድ ላይ ሲጣል ደግሞ ችግሩ ከእርስዎ ደጅ ወደ ሌላ ሰው ልጅ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። 10ሩ ቀን በሰላም ሲያልፍ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ፤ ይከተብ፤ ወረቀቱም ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ይደገም።

በእነዚህ ቀናት ምን ልይ ካላችሁ፦ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ እግሩ ከሰነፈ፣ ጨለማ እየፈለገ ከተደበቀ አትንኩት፤ በሩን ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። በደስታ የሚዘል ውሻ ግን ሌላ ነው፤ ሰውነቱ ልል ነው፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የእርስዎ ቡቺ "ያብዳል" ሲሉ በዚህኛው ዓይነት እንደሆነ ከደብዳቤው ይታያል።

ወደ መዝለሉ ልመለስ። ውሻ ለምን ይዘላል? ቡችላ እናቱን ሰላም የሚላት አፏን እየላሰ ነው። የእኛ አፍ ደግሞ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይዘላል። ሰላምታ ነው እንግዲህ! በጎጃም የኛ ሰላምታም አጭር አይደለም፤ ጎንበስ ቀና፣ ጉንጭ ለጉንጭ፣ "እንደምን ከረማችሁ" እስኪያልቅ ድረስ ውሻው መካከል ላይ ቆሞ "እኔስ?" ይላል። ሲዘል እንጮሃለን፣ እንገፋዋለን፣ ልጆች እየሳቁ ይሮጣሉ። ለእሱ ይህ ሁሉ መልስ ነው፤ መገፋትም ቢሆን እጅ ነው፤ ጩኸትም ቢሆን ድምፅ ነው። ዘለልኩ፣ አገኘሁ! ይላል። ነገም ይዘላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ የዝላዩን ዋጋ ማሳጣት ነው። ሲዘል ሁላችሁም ዝም በሉ፤ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ጀርባ ስጡት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያን ጊዜ ዞር ብላችሁ በለስላሳ ድምፅ አናግሩት፤ ቁራሽ ዳቦ ስጡት። እንደገና ከዘለለ፣ እንደገና ጀርባ። ልጆች ደግሞ እንደ ዋርካ ቀጥ ብለው መቆም ይማሩ፤ መሮጥና መጮህ እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

ሁለተኛው "ተቀመጥ" ማስተማር ነው። ዳቦውን ከአፍንጫው በላይ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጀርባው ውሰዱት፤ ራሱን ሲያቀና ቂጡ ይወርዳል፤ ቁጭ እንዳለ ስጡት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። የተቀመጠ ውሻ አይዘልም። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ግን አትስጡት፤ ለውሻ ጤና ጎጂ ነው።

ሦስተኛው ልምምድ ነው። እንግዳ ሳይኖር ትልቁ ልጅ ወጥቶ ደጅ ላይ "ቤቶች!" ይበል። ውሻው ከበሩ ራቅ ብሎ በገመድ ይታሰር። ልጁ ሲገባ ውሻው ከዘለለ ልጁ ይመለስ፤ ከረጋ ይቅረብ። ይህን ደጋግሙት፤ "ቤቶች!" የሚለው ቃል የግርግር ምልክት መሆኑ ቀርቶ የመቀመጥ ምልክት ይሆናል። እስኪለምድ ድረስ እውነተኛ እንግዳ ሲመጣ፣ በተለይ አማትዎ ሲመጡ፣ አስቀድሞ ይታሰር።

አራተኛው ጥርሱ ነው። ያለ ዕድሜው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ የጥርሱን ልክ የሚነግረው አላገኘም። እጃችሁን ሲለቅም አትመንጭቁ፤ መመንጨቅ ጨዋታ ይመስለዋል። ቀጥ በሉ፤ ጨዋታው ያብቃ፤ ተነሥታችሁ ሂዱ። በእጃችሁ ፋንታ የሚነክሰው የገመድ ቋጠሮ ስጡት። ትንሿ ልጅ ግን ትልቅ ሰው በሌለበት ከውሻው ጋር ለብቻዋ አትሁን።

አምስተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ማታ ብቻ የሚፈታ ውሻ ሰው ባየ ቁጥር ቢፈነዳ አይፈረድበትም። ከማታው ጥበቃ በፊት ትልቁ ልጅ በገመድ ይዞት ጥቂት ያራምደው። የደከመ ውሻ ሰላምታው አጭር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ በአንድ ቃል ይተዳደር። አባት በእርግጫ፣ ልጅ በእቅፍ፣ እናት በጩኸት ከሆነ ውሻው ምን ይያዝ? እርግጫውማ ይቅር፤ የሚፈራ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝላዩ ሊብስበት ይችላል፤ የለመደውን ሲያጣ "ምነው?" ብሎ አብዝቶ ይሞክራላ! በዚያን ጊዜ ከተሸነፋችሁ አለቀ። ከታገሣችሁ ግን በሳምንታት ውስጥ ለውጡን ታያላችሁ።

የቡና ጎረቤቶችዎም ይመለሳሉ። ሲመጡ ግን በመጀመሪያ የክትባቱን ወረቀት ያሳዩዋቸው፤ ከየትኛውም ይቅርታ ይልቅ ያስታርቃችኋል።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።