350 ቢሊዮኑን ከሲኒማ ራስ ሆኜ ስቆጥረው

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ለ2018 በጀት ዓመት ያጸደቀው በጀት 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። በ2017 230 ቢሊዮን፣ በ2016 ደግሞ 140 ቢሊዮን ነበር። እኔ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዘመን ባስቆጠረ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የነጋዴ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ሽያጩን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት እጥፍ ተኩል አድርሶ ቢመጣ "እሰይ" ከማለቴ በፊት የምጠይቀው ነገር አለ፤ ዕቃው በዛ ወይስ ዋጋው ወጣ?

ከተማችንንም እንዲሁ ብንጠይቃት ነውር የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የ2016ቱን 140 ቢሊዮን በጊዜው ምንዛሪ ስመታው ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር ግድም ይመጣል። የ2018ቱን 350 ቢሊዮንም በጸደቀበት ሰሞን ምንዛሪ ብመታው ያው ሁለት ቢሊዮን ተኩል ግድም ነው። እርግጥ የመምህር ደመወዝና አሸዋ በዶላር አይገዛም፤ ሁሉንም በዶላር መለካት ልክ አይሆንም። የመንገድ መብራቱ፣ ኬብሉ፣ የውኃ ፓምፑ፣ አውቶቡሱና የአስፋልቱ ሬንጅ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "በጀታችን በዚህን ያህል አደገ" የሚለው ዜና ሲነበብ እኔ የምሰማው ዕድገት አይደለም። የድሮውን ያህል ለመግዛት ከሁለት እጥፍ በላይ ብር እንደሚሰበሰብ ነው።

በእኛ አገር "ጉድለት ገጥሞኛል" ብሎ የወጣ ከንቲባ አላስታውስም። ጉድለቱ በስሙ አይጠራም፤ የገቢ ዕቅድ ሆኖ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ እንደ ክልሎች የፌዴራል ድጎማ ቀመር አትጠብቅም፣ ወጪዋን በአብዛኛው ራሷ ትችላለች። እንደልቧ ቦንድ ሸጣ የምትኖር ከተማም አይደለችም። ቀዳዳው የሚደፈነው ከግብር ከፋይና ከመሬት ነው። መሬቱን ደግሞ፣ የሊዙ ክፍያ በዓመታት ቢከፋፈልም፣ ሁለት ጊዜ አትሰጠውም። የቀረው እንግዲህ ግብር ከፋይ ነው፤ ከግብር ከፋይም አድራሻው የማይጠፋው፣ ጠዋት በሩን ከፍቶ ማታ የሚዘጋው ባለሱቅ።

ቦንድ ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ኒውዮርክ ኪሳራ አፋፍ ላይ የደረሰችበት ታሪክ ለሒሳብ ሠራተኛ ጥሩ ትምህርት ነው። ከንቲባው አብርሃም ቢም ራሳቸው የሒሳብ ሰው ነበሩ፤ ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት የከተማዋን ሒሳብ ይቆጣጠሩ ነበር። ከተማዋ ለዓመታት የዕለት ወጪዋን በካፒታል በጀት ስም እየጻፈች፣ የሌለ ገቢን ተስፋ አድርጋ እየተበደረች ቆይታ አንድ ቀን አበዳሪዎቹ በራቸውን ዘጉባት። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ተባረረ፣ የምድር ባቡር ዋጋ ከ35 ሳንቲም ወደ 50 ወጣ፣ ከ1847 ጀምሮ በነፃ ያስተምር የነበረው የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1976 ክፍያ ጀመረ። በጀቱን ከከንቲባው እጅ ወስዶ የሚቆጣጠር ቦርድም ተቋቋመ። እዚያ መጀመሪያ የተበላሸው መዝገቡ ነው፤ የገንዘቡ እጥረት ኋላ የመጣ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከንቲባ አዳነች አቤቤ ወደ ከተማው ከመምጣታቸው በፊት የገቢዎች ሚኒስትር ነበሩ፤ "ግብሬ ለሀገሬ" የተባለው ንቅናቄ የተጀመረውም በእሳቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ ገቢ መሰብሰብ አያውቁም ተብለው አይታሙም። እኔም አላማቸውም። በእሳቸው ዘመን የከተማው ገቢ አድጓል፤ ከተማ ያለ ግብር አይቆምም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። "ከዕቅድ በላይ ሰበሰብን" የሚለው ሪፖርት የሚጨበጨብለትን ያህል "ይህን ይህን አወጣን፣ ይኸው ኦዲቱ" የሚለው ሲጨበጨብለት አልሰማሁም። ዕቅዱን ያወጣው ከተማው፣ የለካው ከተማው፣ አለፍኩት ያለውም ከተማው።

ኅዳር 2017 ላይ መርካቶ ሱቆች የተዘጉበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። የደረሰኝ ቁጥጥሩ ጠበቅ ሲል "ዕቃችሁ ሊወረስ ነው" የሚል ወሬ ተነዛ፤ ኃላፊዎቹ ሐሰት ነው አሉ፣ ሱቁ ግን ተዘጋ። ያን ሰሞን አንድ የፔርሙስና የሰሃን ነጋዴ ደንበኛዬ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ "ጋሼ፣ እኔ ደረሰኝ ጠልቼ አይደለም፤ የሸጠልኝ ሰው ደረሰኝ ካልክ ለሌላ እሸጠዋለሁ አለኝ" አለኝ። መዝገቡን ከፈትኩት። ሽያጩ በማሽን የተመዘገበ፣ ግዢው ግን ግማሹ በወረቀት ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ። ይህ ልጅ ሙሉ ደረሰኝ ቆርጦ ከሸጠ በሕግ ፊት የገዛበት ወጪ ግማሹ የለም፤ ያልተገኘ ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል። ካልቆረጠ ይቀጣል። ደረሰኙ የተበጠሰው ከላይ፣ ከአስመጪውና ከጅምላው ጋ ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚቆመው ግን ከታች፣ ከልጁ ደጃፍ ላይ። ለምን ቢባል የአስመጪው መጋዘን ሩቅ ነው፣ የልጁ ሱቅ ደግሞ የመንገድ ዳር።

ከዚያ ወር በፊት፣ ጥቅምት 11 የመርካቶው ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ስለ ደረሰኝ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ዕቃው ሲቃጠልበት እንኳ "ይህን ያህል ነበረኝ" ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ግብሩን ሸሸሁ ያለው ሰው በመጨረሻ የገዛ ኪሳራውን ማስረዳት ያቅተዋል። ይህን ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም አይሰሙኝም።

ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ትንሹ ነጋዴ ሳያድግ ትልቅ ይባላል። ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልፍጠር። የውጭ ዕቃ በ500 ብር ገዝቶ በ550 የሚሸጥ፣ በዓመት 1,800 ፍሬ የሚያወጣ ሰው ሽያጩ 990 ሺህ ብር ነበር፤ በድሮው ሕግ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ መነሻ ሽያጭ 1 ሚሊዮን ነበርና ከዚያ በታች ነው። ዛሬ ያንኑ ዕቃ በ1,060 ገዝቶ በ1,120 ቢሸጥ፣ ያንኑ 1,800 ፍሬ፣ ሽያጩ 2 ሚሊዮን 16 ሺህ ይሆናል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መነሻውን ወደ 2 ሚሊዮን ከፍ ማድረጉ ደግ ሥራ ነው፤ ሰውዬው ግን እሱንም አለፈው። ትርፉ ከ90 ሺህ ወደ 108 ሺህ ነው የሄደው፣ ያውም በረከሰ ብር። አሁን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለበት። (ለእኔ ጥሩ ነው፣ ደንበኛ ይጨምርልኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ለእኔ የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እሱም እኔም አናውቅም።)

የሰፈሬ ሰው የማይወድልኝ አቋም አለኝ፤ የንብረት ታክስን እደግፋለሁ። ሕንፃ አይደበቅም፣ ያለ ደረሰኝም አይሸጥም። የሱቅ ኪራይ በየዓመቱ የሚጨምር ባለሕንፃ ከተከራዩ ያነሰ ለከተማው የሚያዋጣበት ምክንያት አይታየኝም። የጣሪያና ግድግዳው ግብር ከ1968 አዋጅ ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት ሳይነካ መቆየቱ ራሱ የሁሉም ከንቲባዎች ስንፍና ነው፤ ባለቤቶቹን ማስቀየም ስላልፈለጉ ነጋዴውን አስቀየሙ። በ2015 የተደረገው ማሻሻያ ግን የዓመቱ ማብቂያ ወራት ሲቀሩት ተሰማ፣ ሕጋዊነቱም ለክርክር ተዳረገ። ትክክለኛ ግብር በጥድፊያ ሲመጣ ቅጣት ይመስላል። ጥር 2017 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን አጽድቋል፤ አሁን ኳሱ በከተማው እጅ ነው። ጡረታ የሚጠብቁት እትዬ በኮንዶሚኒየማቸው፣ ባለ አሥር ፎቁ ደግሞ በአሥር ፎቁ ይታዩ።

ስለ ወጪውም ፍትሐዊ ልሁን። የተማሪዎች ምገባ የሚቃወም ሰው በክፍለ ከተማዬ በአዲስ ከተማ አላገኘሁም። ልጆቹ በልተው ሲማሩ፣ ምግቡን የሚያበስሉት እናቶችም ደመወዝ ሲያገኙ እያየን ነው። ኮሪደር ልማቱም ያሰፋው የእግረኛ መንገድ አለ፤ ማታ ስሄድበት ደስ ይለኛል። ሸማ ተራ ሲነድ ግን የእሳት አደጋ መኪኖቹ በጠባቡ መንገድ ለመግባት መቸገራቸውን የከተማው ኃላፊዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ያህል ግብር የሚሰበሰብበት ገበያ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያና የውኃ መቅጃ ከጌጥ መብራት ቀድሞ ይገባዋል። ቅደም ተከተሉን ማን እንደወሰነ፣ በስንት ብር እንደወሰነ ነው የምጠይቀው።

መልሱን ለመስጠት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከ1998 በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥር ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል፣ ጤና ጣቢያው ይህን ያህል እየተባለ።

ስለዚህ ክብርት ከንቲባ፣ የሚቀጥለው በጀት ለምክር ቤት ሲቀርብ ሁለት ወረቀት አብሮ ይምጣ። አንደኛው በየክፍለ ከተማው የተሰበሰበውንና በዚያው ክፍለ ከተማ ላይ የዋለውን ጎን ለጎን የሚያሳይ። ሁለተኛው የዋናው ኦዲተር ያለፈው ዓመት ግኝትና የተወሰደው እርምጃ። ምክር ቤቱም እነዚህን ሳያይ እጁን አያውጣ። የአዲስ ከተማን ወረቀት ሲኒማ ራስ የታክሲ መያዣው አጠገብ ለጥፉልን፤ ያልገባውን ሰው ደግሞ ወደ እኔ ላኩት፣ ያለ ክፍያ አስረዳዋለሁ።