ከዐቂቃው በግ በፊት



ይህ ጽሑፍ የትዳር አጋራችሁ ዐረብ ሀገር ላለ ወይም ራሳችሁ ለመሄድ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ላላችሁ ወጣቶች ነው። ልጅ ሲጠበቅ ስም ይመረጣል፣ ለዐቂቃው በግ ብር ይቀመጣል፤ ማሻአላህ። የወረቀቱ ነገር ሲነሳ ግን «ሲወለድ ይደርሳል» ይባላል። ወላሂ አይደርስም።

የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች እዚያ ስለተወለደ ብቻ ለማንም ዜግነት አይሰጡም። ዱባይም ይወለድ ጅዳ፣ የእኛ ልጅ ዜግነቱን የሚያገኘው ከወላጆቹ ነው። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በእናት በኩልም ይበቃል፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። ሕጉ እንዲህ ቢልም ቆንስላው ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ እዚያ ሀገር የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል። ስለዚህ የልጁ ጉዳይ የሚጀምረው ገና ኒካሕ ሲታሰር ነው።

የእኛን ኒካሕ ታውቁታላችሁ። ወሊይ አለ፣ ሁለት ምስክር አለ፣ መህር ተቆርጧል፣ ዱዓ ተደርጓል። አንዳንዴ ሙሽራው ሪያድ፣ ሙሽሪት ደሴ ሆነው በወኪል ይታሰራል። በሸሪዓው ምንም አልጎደለውም። የጅዳ ሆስፒታል ጸሐፊ ግን ደሴ ደውሎ ሽማግሌዎቹን አይጠይቅም።

«ኒካሕ በአላህ ፊት ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ ውስጥ ያለው፣ ዕዳን ስለመጻፍ ነው። ለብድር ከተጻፈ ለልጅ ነሰብ እንዴት አይጻፍም?

እናም ከመብረራችሁ በፊት ኒካሑን በሸሪዓ ፍርድ ቤት አረጋግጡ፣ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትም አስመዝግቡ። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለው የምትሄዱበት ሀገር ኤምባሲ ያረጋግጡታል። ይህን ከዚያ ሆኖ ለማስጨረስ በቆንስላ ውክልና ማሰጠት፣ ወንድምን ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት ነው፤ ሆዱ ደግሞ በየወሩ ይገፋል።

ስምንም ተመልከቱ። «መሐመድ» በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናንተው ታውቃላችሁ። የአባት ስም ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ሌላ ከሆነ ሁለት ሰው ነው። የባሰው ደላላ ስሟንና ዕድሜዋን ቀይሮ ፓስፖርት ያወጣላት እህት ናት። የኒካሑ ወረቀት በእውነተኛ ስሟ፣ ፓስፖርቱ በሌላ። ይህ ቶሎ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፤ ከእርግዝና በፊት ሊያዝ ይገባል።

ዱባይና አቡ ዳቢ ላላችሁ ደግሞ፣ የተወለደ ልጅ በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል። አራት ወር ብዙ ይመስላል፤ የልደት ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱ ወይም ሊሴ ፓሴው ግን የሚወጣው እየተጠባበቀ ነው። አባት ቤተሰብ ለማስቀመጥም ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ደመወዙ የማይደርስ ከሆነ ሚስት ወደ ቤተሰቧ መጥታ ብትወልድ ይሻላል፤ ነውር የለውም። ይህን ግን በስድስተኛው ወር ተነጋገሩበት እንጂ በዘጠነኛው አይሁን።

ፈቃዱንም ከአሁኑ ቁጠሩት። ኤምሬትስ ውስጥ በግል ድርጅት የምትሠራ እናት 60 ቀን አላት፤ 45ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 15ቱ በግማሽ። የቤት ሠራተኛ የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ እህቴ ይህን ቁጥር ይዘሽ እንዳትሞግቺ፤ ውልሽን አስነብቢ። አባት እዚያ 5 የሥራ ቀን አለው፤ ስድስት ወር እስኪሞላ ከፋፍሎ መውሰድ ይችላል። ሦስቱን ለአራስ ቤት፣ ሁለቱን ለቆንስላ ማቆየት ነው። ሳዑዲ ያለው አባት ግን ያለው 3 ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ፎርሙን ሞልቶ፣ ፎቶ ኮፒውን አንስቶ፣ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጎ ምጡን ይጠብቅ።