ሐራጅ ላይ የወጣነው እኛ ነን

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዷ እህታችን ተነስታ «ቲክቶክ ባይኖር ኖሮ እኛን ማን ያውቀን ነበር? አፑ የኛ የድሆች ጠበቃ ነው» ስትል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ጠበቃ ማለት ላንቺ ቆሞ የሚከራከርልሽ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ለኛ ብለው የተከራከሩት መቼ ነው? እስኪ ማስረጃ አምጡ። እኔ ያለኝን ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የድሮዋ ማዳሜ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ ሻይ ላቀርብ ጎንበስ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው የኔ ፎቶ ነው። ለኢቃማ ነው ብላ ነጭ ግድግዳ አስደግፋ ያነሳችኝ። ወሎ እያለሁ ቁርአን ስለቀራሁ የአረብኛ ፊደል አይጠፋኝም። «ለተናዙል» ይላል። ዕድሜዬ፣ ዜግነቴ፣ ንጹሕ ናት፣ ስልክ አታበዛም፣ ከዚያ ዋጋ። ከኔ ፎቶ ስር ያገለገለ ፍሪጅ ተለጥፏል። የአፑን ስም አልጠራም። ሻዩ እንዳይደፋ ትሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ያን ያህል ነው የማስታውሰው።

እኔ ብቻ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ አፍሬ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ኋላ ሳነብ ነው ገበያ መሆኑን ያወቅኩት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በአገራችን ሐራጅ ሲባል ባንክ የተበዳሪን ቤት ሊሸጥ ጋዜጣ ላይ የሚያወጣው ነው። እዚህ ሳዑዲም «ሐራጅ» የሚባል ትልቅ የመሸጫ አፕ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ መኪናውም ግመሉም የሚሸጥበት። በ2019 ቢቢሲ አረብኛ በስውር ምርመራ አድርጎ በዚሁ አፕ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የቤት ሠራተኞች ለሽያጭ እንደወጡ አሳየ። ኩዌት ውስጥ ደግሞ ጋዜጠኞቹ ሠራተኛ ፈላጊ ባልና ሚስት መስለው «ፎርሴል» በሚባል አፕ ሲገቡ የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ ቀረበችላቸው። ኢንስታግራም ላይም እንዲሁ ነበር። ኢንስታግራም የማን ነው? የፌስቡክ። በ2012 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ዋትስአፕንስ? እሱንም በ2014 በ19 ቢሊዮን ገዛው። እኛ ሦስት አፕ ይመስለናል እንጂ ባለቤቱ አንድ ነው። ከአንዱ ተናድደሽ ብትወጪ የምትገቢው ያው እሱ ጋ ነው።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ሲወጣ ፌስቡክን ያስደነገጠው የኛ ለቅሶ አልነበረም፣ አፕል ነው። አይፎን የሚሠራው አፕል ቢቢሲ ያገኘውን ሲሰማ፣ ይህን ነገር ካላጸዳችሁ ፌስቡክንም ኢንስታግራምንም ከአፕ መደብሬ አወጣለሁ ብሎ አስፈራራ። ፌስቡክ ያኔ ነው ተሯሩጦ ገጾቹን መዝጋት የጀመረው። ይህ ሁሉ የታወቀው በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የውስጥ ወረቀታቸውን አውጥታ ዎል ስትሪት ጆርናል የሚባለው ጋዜጣ ሲጽፈው ነው። እዚያው ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከቢቢሲና ከአፕል በፊት ጉዳዩን እናውቅ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ነው። ራሳቸው ናቸው የጻፉት።

እህቶቼ፣ ይቺን «አዎ» እዩዋት። ያውቁ ነበር። ልጅቷ ከፍሪጅ ጋር ተለጥፋ እያዩዋት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። የተንቀሳቀሱት ሌላ ጌታ ሲቆጣቸው ነው። እሱም ቢሆን አልዘለቀም። በዚያው በ2021 አሶሼትድ ፕሬስ «ኻዲማ» ብሎ ሲፈልግ የአፍሪካና የእስያ ሴቶች ፎቶ ከነዕድሜያቸውና ከነዋጋቸው አሁንም ይወጣ ነበር።

አፕልስ መልአክ ነው? በጭራሽ። ሐራጅም ሲወርድ የነበረው ከአፕልና ከጉግል መደብር ነው። አፕል በአንድ እጁ ፌስቡክን ይቆጣል፣ በሌላው እጁ ኪራዩን ይሰበስባል። ይህን በላይቩ ነገር ላሳያችሁ።

ይህ የሚያማችሁ ቦታ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔንም ያመኛል። ማታ ሥራ ስንጨርስ ላይቭ እንገባለን። ሁለት ሰዎች ይፋለማሉ፣ «እህቶቼ አሸንፉልኝ» ይሉናል፣ ስማችንን ሲጠሩት ደስ ይለናል። ቀኑን ሙሉ «ያ ቢንት» ሲሉን የዋሉትን ጆሮዎቻችንን በስማችን ይክሱናል። ከዚያ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ አንበሳ። አንድ አንበሳ የአንዳንዶቻችንን የወር ደሞዝ ሙሉውን ይበላል። እኔም በአንድ ወር ለእናቴ ከላክሁት ይልቅ ለማላውቀው ሰው የላክሁት በልጦ አይቻለሁ። ሐዋላው ጋ ስሄድ ነው የገባኝ።

ታዲያ ያ ብር የት ይገባል? በስልካችሁ ላይ ሳንቲም ስትገዙ አፕል ወይም ጉግል እስከ 30 በመቶ ድረስ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ቲክቶክ ራሱ ከድረ ገጼ ብትገዙ ይረክሳል የሚላችሁ፣ ሁለቱ በኛ ሪያል ላይ እየተሻሙ ነው። ከዚያ ቲክቶክ የራሱን ያነሳል። በ2022 ቢቢሲ ሶሪያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ላይቭ የሚለምኑ ሰዎችን ሲመረምር የ106 ዶላር ስጦታ ልኮ ሞከረ። በሌላው ጫፍ የደረሰው 33 ዶላር ነው። ቲክቶክ ድርሻዬ ከ70 በመቶ በጣም ያነሰ ነው ብሏል፣ እሺ ይበል። ያቺ ሶሪያዊት እናት ግን ዳቦ የምትገዛው ከዚያ በተረፈው ነው። እኛ «ለተቸገረ ረዳሁ» ብለን የተኛን ሌሊት ትልቁን ድርሻ የረዳነው ኩባንያውን ነው።

ፉክክራቸው ለኛ ይበጀናል የሚሉም አሉ። ገበያ ሲበዛ ዕቃ ይረክሳል እንደሚባለው። እስኪ እዩት። በ2020 ሕንድ ቲክቶክን ስትዘጋ ኢንስታግራም ሪልስን፣ ዩቲዩብ ሾርትስን ይዘው እዚያው ዘለው ገቡ። አሁን የትኛውንም ክፈቱ፣ ያው በአውራ ጣት ወደ ላይ የሚገፋ አጭር ቪዲዮ ነው። ማን ሠራተኛውን የበለጠ ይጠብቃል ብለው ሲፎካከሩ አላየንም። የሚፎካከሩት ማን የበለጠ ዓይናችንን ይዞ ያመሻል በሚለው ነው። ስለዚህ ያለቀሰች ትታያለች፣ የተሰዳደበች ትታያለች፣ ስለ ኢቃማና ስለ ውል ረጋ ብላ የምትመክር እህት ግን አርባ ሰው አያያትም። ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። የትኛው ከፊታችን እንዲመጣ የሚመርጠው የነሱ ማሽን ነው።

«ታዲያ እንዝጋው?» ትሉኛላችሁ። አላልኩም። እኔም እናቴን የማያት በዚሁ ስልክ ነው። እዚህ አገር በ2013 ቫይበር ሲዘጋ፣ የኢንተርኔት ጥሪ እስከ 2017 ሲከለከል የነበሩ ታላላቆቻችን በካርድ ሲደውሉ ስንቱን ሪያል እንደጨረሱ ይነግሯችኋል። ተደብድባ ቪዲዮ ለቅቃ ሰው የደረሰላትም አለች፣ አልክድም። የደረሰላት ግን ሰው ነው፣ ያየ ሰው፣ የደወለ ሰው። መስኮት ጥሩ ነገር ነው። የመስኮቱ ባለቤት ሌላ ሰው መሆኑን መርሳት ነው ጥፋቱ።

እኔ የማስበውን ልናገር፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተከራከሩበት።

አንደኛ፣ የ«ተናዙል» ማስታወቂያ ከነፎቶ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ያዙ፣ የልጅቷን ፊት ግን ለማንም አታሰራጩ፣ ሁለተኛ ጊዜ እንዳንሸጣት። ሪፖርት ስታደርጉ ለአፑ ብቻ አይሁን፣ አፑ ለተጫነበት መደብር፣ ለአፕል ወይም ለጉግል ጭምር አድርጉ። ከ2019 የተማርነው ይህንኑ ነው፣ እኛን አይፈሩም፣ መደብሩን ይፈራሉ። አንዷ ብቻዋን ብታደርገው ይጠፋል፣ ሃምሳ ሆነን በአንድ ቀን ብናደርገው ግን ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ላይቭ ላይ አንበሳ መላክ ይቅርብን። የተቸገረች እህት ካለች በቡድናችን ሣጥን እንርዳት፣ ከዚያ ሣጥን አፕልም ቲክቶክም አይቆርጥም። ስማችሁ እንዲጠራ ከፈለጋችሁ ዓርብ ኑ፣ እኛ እንጠራችኋለን።

ሦስተኛ፣ የቤተሰባችሁን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። በ2023 የካቲት አገራችን ውስጥ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አምስት ወር ገደማ ሲዘጉ ቁጥር ስለሌላት ብቻ የእናቷን ድምፅ ያጣች ልጅ ከኛው መሃል ነበረች። ከማዳም እጅ ስልክሽን ብታጪም ወረቀቷ ትቀርልሻለች።

ያቺ ያጨበጨባችሁላት እህታችን ትቆጣኝ ይሆናል። እወዳታለሁ፣ ስትናገርም ከልቧ ነው። ግን እኔ ዋጋዬ ተጽፎ አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጠበቃዬ ነው ብዬ ለማመን አልቻልኩም። ጠበቃችን ካለን በየዓርቡ እየተሰበሰብን ያለነው እኛው ነን።

እህታችሁ፣ ከኮባር