የወገብ ሕመም፦ ብርዱ ነው ወይስ ሸክሙ?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን በየቤቱ እየተሰማ «ለምደነዋል» ተብሎ የሚታለፈውን የወገብ ሕመም እናነሳለን።

በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ደጋ አንዲት እናት ከተቀመጠችበት ስትነሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወገቤን!» ማለቷ የተለመደ ነው። ምን ሆንሽ ስትባል መልሷ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ «ብርድ መታኝ» ወይም «ኩላሊቴ ነው»። ብዙው የመንዝ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚደርስና ከዚያም የሚበልጥ በመሆኑ ብርዱ መጠርጠሩ አይገርምም። ቅዝቃዜ ጡንቻን አኮማትሮ ሕመሙ ይበልጥ እንዲሰማ ሊያደርግ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ወገን የሚሰማ ሲሆን፣ ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል አብሮት ሊኖር ይችላል። ሲያጎነብሱና ሲያነሱ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል ሕመም ከሆነ ግን ነገሩ የወገቡ የራሱ ነው።

ወገብ እንዴት ይታመማል?

የታችኛው ጀርባችን አምስት አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ዲስክ የሚባሉ እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ልስልስ አካላት ሲኖሩ፣ ዙሪያውን ጡንቻና ጅማት ይደግፉታል። ሰው አጎንብሶ ዕቃ ሲያነሳ ዕቃው ከሰውነቱ በራቀ ቁጥር በወገቡ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። ይህን ለማወቅ አንድ ጣሳ ውኃ መጀመሪያ ደረት ላይ አስጠግቶ፣ ቀጥሎም ክንድን ዘርግቶ መያዝ ይበቃል።

እንግዲህ የአንዲትን እናት ውሎ እናስብ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በገመድ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ ስትመለስ እንጨት ወይም ኩበት ትሸከማለች፤ በምድጃ ላይ አጎንብሳ ትጋግራለች፤ ማታ ሕፃን ታዝላለች። አባወራውም ሞፈር ተከትሎ ይውላል፤ በአጨዳ ወራት ማጭድ ይዞ ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳል። በአንጻሩ ሱቅ ውስጥ ወይም መኪና ላይ ሲቀመጥ የሚውለውም አይድንም፤ የማይሠራ ጡንቻ ይደክማልና። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ያራዝማሉ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ለሕመሙ ምክንያት የሚሆን የተለየ በሽታ አይገኝም። ይህም የምሥራች ነው፤ በጥንቃቄና በእንቅስቃሴ ይሻላል ማለት ነውና።

እንዴት እንከላከለው?

• ዕቃ ሲነሳ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ዝቅ ማለት፣ ዕቃውን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ሸክም ይዞ ወገብን አለመጠምዘዝ።
• አንድ ትልቅ ጄሪካን ከመሸከም ሁለት ትንንሽ አድርጎ ማመላለስ፤ አህያ ያለው ቤት ደግሞ አህያዋን ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለውኃም ማሰማራት።
• ምድጃንና የማቡኪያ ቦታን ከፍ አድርጎ መሥራት፤ በአጨዳና በአረም መካከል በየጊዜው ቀና ብሎ መንጠራራት።
• ሸክሙን መከፋፈል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ውኃ መቅዳት ለወንድ ልጅ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። በተለይ ነፍሰ ጡርና አራስ ከከባድ ሸክም ሊጠበቁ ይገባል።

ከታመምን በኋላስ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው «አትነሳ» ተብሎ ለሳምንታት ይተኛል። መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል፤ ማገገሙንም ያዘገያል። ሕመሙ በጣም ከጠና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አረፍ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ያስታግሳል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ እንዲሁም ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ከፍ ዝቅ ማድረግ ወገብን ያጠነክራል። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ከሕመማቸው ያገገሙና በባለሙያ ምክር አዘውትረው በእግር የተጓዙ ሰዎች ሕመሙ የተመለሰባቸው ካልተጓዙት በእጅጉ ዘግይቶ ነው። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሻላል።

የማስታገሻ ክኒንና መርፌ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ቆዳን በብረት መተኮስ ቁስል እንጂ ፈውስ አያመጣም። ሒጃማ የሚያደርግም ምላጩ አዲስ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በጋራ ምላጭ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋሉ። እግሩ የደነዘዘን ሰው ወጌሻ አከርካሪውን እንዲጠመዝዘው ወይም እንዲረግጠው መፍቀድ አደገኛ ነው።

መዘግየት የሌለበት ጊዜ

እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣም እንዲሁ። ለሳምንታት የቆየ የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል። ቶሎ ካልታከመ ጀርባን ያጎብጣል፤ እግርንም ሽባ ያደርጋል። መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበትና ከብት በሚረባበት ቤት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ተመሳሳይ ምልክት አለው። በመጀመሪያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አቅራቢያችን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሄድ ነው።

በመጨረሻ፣ አባቶችና እናቶች ሕመማቸውን ደብቀው ሩኩዕና ሱጁድ ላይ ሲሰቃዩ እናያለን። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ዲናችን አግርቶለታል። ይህን ማድረግ የኢማን ጉድለት አይደለም። እኛ ጤነኞቹ ደግሞ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስንገባ ጄሪካኑን ማን እንደተሸከመው እንጠይቅ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።