ጥለቱን በቃሉ የያዘ «ያልተማረ»

ጉለሌ ውስጥ የልጅ ጭንቅላት የሚለካው ሰርተፍኬቱ ላይ በሰፈረው ደረጃ ነው። አንደኛ የወጣው በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ይሸለማል፤ ሠላሳኛ የወጣው «ቀለም አይገባውም» ይባላል። ሽሮሜዳ ላይ ደግሞ ማስፈራሪያ ይጨመርበታል፦ «ካልተማርክ ሸማኔ ሆነህ ትቀራለህ!» ይህ ንግግር ልጁንም ሸማኔውንም ይበድላል።

ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮሜዳን የሀገር ልብስ ገበያ ያደረጉትን ባለሙያዎች ጥለት ሲጥሉ ቆም ብላችሁ እዩአቸው። ብዙዎቹ ፊታቸው የተዘረጋ ንድፍ የላቸውም። የትኛው ቀለም ስንት ክር ዘልሎ እንደሚገባ፣ አንዱ ጥለት ከሌላው ጋር የት ላይ እንደሚገጥም በአእምሯቸው ይዘውታል። የተማሩትም አባት ወይም ታላቅ ወንድም አጠገብ ተቀምጠው፣ የተሳሳቱትን እየፈቱ እንደገና በመሥራት ነው። ይህን ያህል የሚያስታውስን ሰው «ያልተማረ» ብሎ መጥራት ነውር ነው። ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለሆነ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ዛሬ ስድቡ ምክር መስሎ በየቤቱ ይነገራል።

ያ የሚሸለመው ደረጃስ ምን ይለካል? ባብዛኛው የፈተና ዋዜማ ሽምደዳን። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ደግመው ካነበቡት የያዙት 42 ከመቶውን ሲሆን፣ ከአእምሯቸው አውጥተው ከጻፉት 56 ከመቶውን ያስታውሱ ነበር። የአብነት ተማሪ የተቀበለውን ለየኔታ በቃሉ የሚያሰማው፣ የሸማኔ ልጅም ጥለቱን ሳያይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዘመናዊ ነኝ ባዩ ትምህርት ቤታችን ግን ደብተር ያስገለብጣል፣ ማርክ ይሞላል፣ ከዚያ ልጆችን በተርታ ያሰልፋል።

ተርታው ሲፈተሽ የሆነውን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን በየዓመቱ አንደኛ የወጣ ተማሪ ነበራቸው፤ ሸልመውታል፣ አጨብጭበውለታል። ልጁ ከጎረቤቱ መብለጡን እንጂ ምን እንደሚያውቅ የነገረው አልነበረም። መጨረሻ የወጣውም የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭንቅላት እንደሌለው። ይህን አምኖ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ካላወጣ ደግሞ ከአእምሮው አውጥቶ የመናገር ልምምዱ ይቀርበታል።

ስለዚህ የደረጃ ሽልማቱ ይቅር። መምህራን በየሳምንቱ ደብተር አስከድነው፣ ማርክ ሳይሰጡ፣ ከኋላ ወንበር ጀምረው ይጠይቁ። የሽሮሜዳ ወላጅም ልጁን በሸማኔው ማስፈራራቱን ትቶ አንድ ከሰዓት እዚያው ይዞት ይሂድ፤ ባለሙያው ጥለቱን እንዴት በቃሉ እንደያዘ ይጠይቅለት።