የአህያዋ ሒሳብ

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ስንስቅባት ኖርን። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ግን ለሐሳቧ ቀመር አበጅተውለታል፤ የቅናሽ ምጣኔ ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥታት የአየር ንብረት ፖሊሲ አማራጮችን በሞዴል ሲያወዳድሩ የዛሬን ወጪ ከሩቅ ዘመን ጉዳት ጋር ይመዝናሉ። የሩቁ ጉዳት በየዓመቱ በመቶኛ እየተቀነሰ በዛሬ ዋጋ ይተመናል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚደርስ የአንድ ሺህ ብር ጉዳት በ1.4 በመቶ ሲቀነስ ዛሬ 249 ብር ግድም ነው። በ7 በመቶስ? አንድ ብር ከአሥራ አምስት ሳንቲም! ጎርፉ ያው ጎርፍ፣ ድርቁም ያው ድርቅ ነው፤ የረከሰው የልጅ ልጆቻችን ኑሮ ነው።

የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒኮላስ ስተርን ለብሪታንያ መንግሥት ባቀረቡት ጥናት ዝቅተኛውን ምጣኔ ይዘው ዛሬውኑ ጠንክረን እንነሣ አሉ። አሜሪካዊው ዊሊያም ኖርድሃውስ ደግሞ ከፍ ያለውን ይዘው ቀስ በቀስ ይሻላል አሉ። ዋናው ጠባቸው በሳይንሱ ላይ ሳይሆን በዚያች መቶኛ ላይ ነበር። ኖርድሃውስ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ተራኪው ማነው? የት ቆሞ ነው የሚያየው? ሞዴልንም እንዲሁ መጠየቅ ነው። በአሜሪካ መንግሥት ስሌት የአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳት በ2017 ከ1 እስከ 7 ዶላር ግድም ተባለ፤ በ2021 ደግሞ 51 ዶላር። ሰባቱም ሃምሳ አንዱም የተሠሩት በ3 በመቶ ቅናሽ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በአመዛኙ ከአንድ ውሳኔ፦ የትራምፕ ሰዎች ከአሜሪካ ድንበር ውጭ የሚደርሰውን ጉዳት ከሒሳቡ አውጥተውት ነበር። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶት ከብቶቹ ያለቁበት የቦረና አርብቶ አደር በዚያ ስሌት ኪሳራው ዜሮ ነው ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ትራምፕ በተመለሱበት ዕለት የስሌቱን ቡድን ጭራሹን በተኑት።

መጪው ትውልድ ከእኛ የበለጠ ሀብታም ስለሚሆን የዛሬው ድሃ ለምን ይክፈልለት? ይሉናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የማን መጪ ትውልድ? የለንደኑ ወይስ የያቤሎው?

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2010 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው ልቀታችን እንደ ወትሮው ከቀጠልን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ብሎ ገመተ። ቅነሳችን የሚለካው እንዲህ በሐሳብ ከተሳለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከምን ዓይነት የዕድገት ግምት እንደተቀዳ አደባባይ ወጥቶ ሲከራከር የሰማችሁት ሰው አለ? እኔ አልሰማሁም።

ሞዴል ይቅር አላልኩም። ያለ ሞዴል አማራጮችን ማወዳደር በጨለማ መዳከር ነው። የምለው ግምቱ በአባሪ ገጽ አይደበቅ ነው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ በተራ ቋንቋ ይጻፍ፣ ምክር ቤትም ሬዲዮም ይከራከርበት። የልጅ ልጅ ስንት ያወጣል የሚለውን ጥያቄ የሒሳብ ሊቅ ብቻውን እንዲመልሰው ማን ወከለው?

አህያዋ እኮ ቢያንስ ሐሳቧን በግልጽ ተናግራለች።